ስምንተኛው ደቂቃ ላይ እግሬ ይጠፋኛል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 41 ዓመቴ ነው። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው። ጂም ለመሄድ ጊዜውም ገንዘቡም ስለሌለኝ የ30 ደቂቃ የስቴፕ ኤሮቢክስ ቪዲዮ (ስቴፕ በሚባል ዝቅተኛ መድረክ ላይ በሙዚቃ እየወጡ እየወረዱ የሚሠራ ስፖርት ነው) ዩቲዩብ ላይ አግኝቼ ሳሎን ውስጥ ጀመርኩ። ስቴፕ ስለሌለኝ የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ ነው የምወጣው። ሦስቴ ሞከርኩት። ስምንተኛው ደቂቃ አካባቢ ሁሌም እግሬ ይጠፋኛል፤ አሠልጣኟ ወደ ቀኝ ስትሄድ እኔ ወደ ግራ ነኝ። ባቴ ሁለት ቀን አሰረኝ። ደረጃ ስወርድ ግራ ጉልበቴን ከፊት በኩል ይወጋኛል። ታች ቤት ያሉት ጎረቤቶችም መጥተው አንኳኩ። የኮንዶሚኒየም ነገር ያውቁታል። ልተወው? ወይስ የምሳሳተው ነገር አለ?

መልስ፦ እህቴ፣ ስፖርቱን አትተዪው። ሳጥኑን ግን ዛሬውኑ ወደ ሱቁ መልሺው።

ከሳጥኑ የምጀምረው ከነገርሽኝ ችግሮች ግማሹ ከእሱ የመጣ ስለሚመስለኝ ነው። የለስላሳ ሳጥን የተሠራው ጠርሙስ ቆሞ እንዲገባበት ነው። ቁመቱ ከ20 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። እኔ አዲስ ተማሪ ሲመጣ የምሰጠው ስቴፕ 10 ሴንቲ ነው። እግሩ ሲለምድ ወደ 15 ከፍ አደርግለታለሁ። 20 ላይ የሚሠሩት ብዙ የቆዩት ናቸው፤ ከእነሱም ሁሉም አይደሉም። አንቺ በመጀመሪያ ቀንሽ ከሁሉም በላይ ወጣሽ። መንጃ ፈቃድ ሳያወጡ በሲኖትራክ እንደመጀመር ነው።

ከፍታው ለምን ይጎዳል? እግርሽን ላዩ ላይ ስታሳርፊ ጉልበትሽ ይታጠፋል። ይበልጥ በታጠፈ ቁጥር የጉልበትሽ ሎሚ ከሥሩ ያለውን አጥንት የሚጫንበት ኃይል ይጨምራል። መለኪያው ቀላል ነው። አንድ እግርሽን ሙሉ በሙሉ ስቴፑ ላይ አድርጊና መስታወት ፊት በጎን ቁሚ። ጭንሽ ከወለሉ ጋር ትይዩ ሆኖ ጉልበትሽ 90 ዲግሪ ከታጠፈ ስቴፑ ላንቺ በጣም ረጅም ነው። ለጀማሪ ከዚያ ብዙ ማነስ አለበት። ወደ 60 ዲግሪ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ደግሞ ሳጥኑ ጠባብ ነው። ጂም ውስጥ ያለው ትልቁ ስቴፕ ከ1 ሜትር ትንሽ ይረዝማል፣ ወርዱ 40 ሴንቲ ገደማ ነው። አሠልጣኟ ሁለት እግሯን ከፍታ የምትቆምበትን ቦታ አንቺ በአንድ ክንድ ስፋት ልትሠሪው ነው። ሳሎንሽ ሴራሚክ ከሆነ ደግሞ የሳጥኑ ፕላስቲክ እንደ ሳሙና ይሄዳል።

እዚህ ላይ ራሴን የሚያሳጣኝ አንድ ታሪክ አለ። ስቴፕ ራሱ የተወለደው ሳጥን ላይ ነው። ጂን ሚለር የምትባል አሜሪካዊት የኤሮቢክስ አሠልጣኝ ጉልበቷን ተጎዳች። ሐኪሟ በጉልበቷ ዙሪያ ያለውን ጡንቻ ለማጠንከር የወተት ሳጥን ላይ ወጣ ወረድ እንድትል መከራት። እሷ ከዚህ ተነስታ ሙሉ የስፖርት ዓይነት ሠራች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ገደማ የስፖርት ጫማ ኩባንያው ሪቦክ ይዞት ገበያ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የ90ዎቹን ዘመን ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ስቴፕ የጉልበት ጠላት ነው የሚልሽን ሰው አትስሚ፤ መነሻው የጉልበት መድኃኒት ነው። ግን ልዩነቱን እይ፤ ሐኪሙ ያዘዘላት ወጣ ወረድ ነው። በሙዚቃ ፍጥነት እየዞርሽ፣ እየዘለልሽ አላላትም።

ታዲያ ምን ትጠቀሚ? ሰፈርሽ ካለ አናጢ ጋር ሂጂ። ርዝመቱ 90 ሴንቲ፣ ወርዱ 40፣ ከፍታው 10 የሆነ ከወፍራም ጣውላ ይሥራልሽ። አራት እግር አይሁን፤ ዙሪያውን የተደፈነ ይሁን። ላዩ ላይም ከሥሩም ጎማ ይለጠፍበት። ስትረከቢው ጫፉ ላይ ሙሉ ክብደትሽን ጥለሽ ቁሚ። ካዘነበለ አትቀበዪው። አናጢው "ትንሽ ከፍ ላድርገው? ያምራል" ይልሻል። እምቢ በይው። እስኪደርስ ድረስ ወለሉ ላይ በፕላስተር መስመር አስምሪና እዚያው ሥሪ። አትሳቂ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንዲያውም የምመርጠው እሱን ነው።

አሁን ወደ ስምንተኛው ደቂቃ።

ብዙዎቹ ቪዲዮዎች የሚሠሩት እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ስምንት ደቂቃዎች ማሟሟቂያ ናቸው። ወጣ ወረድ፣ ትንሽ ክንድ፣ ሁሉም ደስ ይላል። ከዚያ አሠልጣኟ እንቅስቃሴዎችን መቀጣጠል ትጀምራለች። አራት ምት ይሄ፣ አራት ምት ያ፣ ተደማምሮ 32 ምት ይሞላል። ያ 32 አንድ አንቀጽ በይው። ቃላቱን የምታውቅ ሰው አንቀጹን ታነባለች። አንቺ ግን ፊደሉን ሳትቆጥሪ አንቀጽ ሰጡሽ። የጠፋሽው ስለደከመሽ ወይም "የዳንስ እግር" ስለሌለሽ አይደለም።

ክፍል ውስጥ ቢሆን ይህ አይደርስብሽም ነበር። ማስተማር ከጀመርኩ 17 ዓመት አለፈኝ፤ ከሥራዬ ትልቁ ክፍል መጮህ አይመስለኝም። ማየት ነው። ከኋላ መስመር አንዷ ስትደነባበር ሳይ የሚቀጥለውን አልጨምርም። ሁሉንም ሰው መነሻው ወጣ ወረድ ላይ ስምንት ምት፣ አንዳንዴ አሥራ ስድስት ምት አቆያለሁ። ልጅቷ ትመለሳለች። ማንም አያውቅባትም። ቪዲዮዋ ውስጥ ያለችው ሴት ግን አታይሽም። ፈገግ ብላ "በጣም ጎበዝ!" እያለችሽ አንቺ ሶፋው ላይ ልትወድቂ ትችያለሽ። ስለዚህ የማየቱንና የማቆየቱን ሥራ አንቺ ራስሽ ትወስጂዋለሽ።

እንዴት? ስትጠፊ አታሳድጃት። ይህን አንድ ነገር ብቻ ከዚህ መልስ ብትይዢ ይበቃኛል። ቀጥ ብለሽ ወደ ወጣ ወረዱ ተመለሺ። ቀኝ ውጪ፣ ግራ ውጪ፣ ቀኝ ውረጂ፣ ግራ ውረጂ። እሷ የፈለገችውን ትሥራ። ልብሽ አልቆመም፣ ስፖርቱ አልተቋረጠም። አንቀጹን እንደገና ከአንድ ስትጀምር አብረሻት ትገቢያለሽ። ሰው ጉልበቱን የሚጎዳው ለማሳደድ ሲሞክር ነው፤ እግሩ ሳይደርስ ሰውነቱ ይዞራል።

እኔም ብሆን ከዚህ አላመለጥኩም። ባለፈው ክረምት አንድ የማላውቃት አሠልጣኝ የለቀቀችውን ቪዲዮ ቤቴ ልሞክር ብዬ ከፈትኩ። ስቴፑን በጎን አቋርጦ ማዶ የሚያወርድ እንቅስቃሴ አለ፤ ኦቨር ይባላል። ምልክቱን ዘግይታ ሰጠችኝ፣ እኔም ለመድረስ ተወረወርኩ። ማዶ የነበረው ረከቦቱ ነው። ሁለት ሲኒ ሄደ። ልጄ "እማዬ፣ አስተማሪ አይደለሽም እንዴ?" አለኝ። ስለዚህ አስቀድመሽ በስቴፑ ዙሪያ በአራቱም በኩል አንድ ሰፊ እርምጃ የሚያህል ባዶ ቦታ አውጪ። ምንጣፍ ካለ ጠቅልለሽ አንሺው።

የቀኝና የግራው ነገር ሌላ ጣጣ ነው። አንዳንዷ አሠልጣኝ ወዳንቺ ዞራ እንደ መስታወት ትሠራለች፤ "ቀኝ" ስትል የራሷን ግራ ነው የምታነሳው። አንዳንዷ የራሷን ቀኝ ትላለች። አንዳንዷ ደግሞ ጀርባዋን ትሰጥሻለች። የትኛዋ እንደሆነች በመጀመሪያው ደቂቃ እይና ወስኚ። ከዚያ ቃሉን እርሺው። እኔ ለጀማሪዎች የምላቸው ክፍሉን ስም እንዲያወጡለት ነው። አንዱ ጎን "መስኮት"፣ ሌላው "በር"። ስትዞሪ ቀኝና ግራሽ ይቀያየራሉ። መስኮቱ ግን የትም አይሄድም።

ከዚህ የሚጠልቀው ግን መሪው እግር ነው። ብዙ ሰው የሚጠፋው እዚህ ነው፤ ሳያውቀው። በወጣ ወረድ ቀኝ ከጀመርሽ በአራተኛው ምት የቆምሽው በግራሽ ነው። ስለዚህ እንደገና ቀኝ ይጀምራል። ጉልበት ማንሳት ሲመጣ ይቀየራል። ቀኝ ይወጣል፣ ግራ ጉልበት ይነሳል፣ ያው ግራ መሬት ይወርዳል፣ ቀኝ ይከተለዋል። አሁን የቆምሽው በቀኝሽ ነው። ቀጣዩን የሚጀምረው የግድ ግራ ነው። አንቺ ግን ልማድሽ ቀኝ ስለሆነ አንድ ትርፍ እርምጃ ትጨምሪና ቀኝሽን ታስነሺዋለሽ። ያቺ አንድ እርምጃ ናት በየዙሩ ከሙዚቃው የምታወጣሽ። መድኃኒቱ አንድ ጥያቄ ነው፦ "ክብደቴ የትኛው እግር ላይ ነው?" ክብደት የተሸከመው መነሳት አይችልም። ሌላው ይነሳ።

ስለዚህ ሳምንቱን እንዲህ አሳልፊ። ቪዲዮውን ዝጊው። አራት እንቅስቃሴ ብቻ፦ ወጣ ወረድ፣ እግር ከፍቶ ወጥቶ ገጥሞ መውረድ (ቪ ስቴፕ የሚሉት ነው፤ እግርሽ ላይኛው ላይ ቪ ይሠራል)፣ ጉልበት ማንሳት፣ ኦቨር። ያለ ሙዚቃ፣ ያስመርሽው መስመር ላይ፣ ድምፅ አውጥተሽ እየቆጠርሽ። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። ክንድ አትጨምሪ፤ እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርጊ። ክንድ ጌጥ ነው፣ እግር ሳይገባ ክንድ የሚጨምር ሰው ሁለቱንም ያጣል። ወጥ እየጠበቅሽም ልትሠሪው ትችያለሽ። መብራት ቢሄድ እንኳ ቆጠራው ካለሽ ስቴፑ አለ።

ሁለተኛ ሳምንት ቪዲዮውን ክፈቺ፤ ግን ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን 0.75 አድርጊው። ብዙ ሰው ይህ እንዳለ አያውቅም። አስቀድመሽ የሙዚቃውን ምት ቁጠሪ። በ15 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ቆጥረሽ በአራት አባዢው። ለስቴፕ የሚመቸው በደቂቃ ከ118 እስከ 128 ያለው ነው፤ ጀማሪ ከታችኛው ይጀምራል። 136 ወይም 140 ከወጣልሽ ቪዲዮው ላንቺ አልተሠራም። ፈጣን ሙዚቃ ላይ እግር ሙሉ በሙሉ ሳያርፍ ይነሳል፤ ተረከዙ ይንጠለጠላል።

ሙዚቃ ካነሳሁ፣ "በእኛ ሙዚቃ አይሠራም ወይ?" የምትለኝ ብዙ ናት። ይሠራል፤ ግን መርጠሽ። ስቴፕ በአራትና በስምንት ነው የሚቆጠረው። ችክችካ ደግሞ ውስጡ ሦስት ሦስት እያለ ነው የሚሄደው። ደረትሽ ወደ እስክስታ፣ እግርሽ ወደ ስቴፕ ይጎትቱሻል። ለልምድ የደረሰ ሰው ደስ የሚል ነገር ነው፤ እኔ ራሴ ለበዓል ዋዜማ ክፍሌን በችክችካ እጨርሳለሁ። ለጀማሪ ግን ቀጥ ያለ የአራት ምት ያለው ዘመናዊ ዘፈን ይሻላል።

ባትሽን በተመለከተ ብዙም አትጨነቂ። ወትሮ የማይሠራ ጡንቻ ከተሠራ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ያስራል፤ በተለይ መውረድ ያለበት ስፖርት። ግን ሁለት ነገር አስተካክዪ። ስትወጪ ተረከዝሽን ጨምሮ ሙሉ እግርሽ ላዩ ላይ ይረፍ፤ ሳጥኑ ላይ ይህን ማድረግ እንዳልቻልሽ እገምታለሁ። ስትወርጂ ደግሞ ስቴፑ አጠገብ ውረጂ፣ ከአንድ ጫማ ርዝመት አትራቂ። የእግርሽ ፊት ይቀድማል፣ ተረከዙ ይከተላል፣ መሬቱን ይነካል። ብዙ ሰው ሩቅ ወደ ኋላ ይወርድና በጣቱ ይቀራል። ያኔ ዕዳውን የሚከፍለው ባት ነው። ወደ ፊት ደግሞ በፍጹም አትውረጂ።

ጉልበትሽ ግን ሌላ ነው። እሱን ከዚህ ሆኜ ልመረምረው አልችልም። አንድ ነገር ግን ልጠርጥር። በወጣ ወረድ ቀኝ ሲመራ ሽቅብ የሚያነሳሽ ቀኝ እግርሽ ነው። ቁልቁል ቀስ አድርጎ የሚያወርድሽ ግን ግራው ነው፤ ምክንያቱም ቀኝ መሬት እስኪደርስ ላይ የቀረው እሱ ብቻ ነው። አሁን ደብዳቤሽን ተመልሰሽ አንብቢው። የሚያምሽ ግራ ነው። የሚያምሽ ስትወርጂ ነው። ከጠፋሽ በኋላ ሁሌ በቀኝ እየጀመርሽ ነው ብዬ ብወራረድ የምበላ ይመስለኛል። ግራ ጉልበትሽ በዚያ ከፍታ ሦስት ቀን ሙሉ የመውረዱን ሥራ ብቻውን ተሸክሞታል።

ለዚህ ነው ክፍል ውስጥ አንድ እግር ከአንድ ደቂቃ በላይ እንዲመራ የማልፈቅደው። ጉልበት ማንሳትም በአንድ ጎን ከአምስት በላይ አይደጋገምም። ቪዲዮዋ ስምንት ካደረገች አንቺ አምስት ላይ ቁሚና ወጣ ወረድ ሥሪ። ሌላው፣ ስትወጪ ጉልበትሽ ወደ ውስጥ እንዳይሰበር መስታወት ላይ እይ። ወደ ሁለተኛው የእግር ጣትሽ አቅጣጫ ይሂድ። መዞር ሲኖርብሽ ክብደት በተሸከመ እግር ላይ አትዙሪ፤ አንሺውና አዙሪው።

ለአሁኑ ቢያንስ አንድ ሳምንት ምንም ከፍታ አይኑር፤ መስመሩ ላይ ብቻ። ከዚያ ጎን ለጎን ወንበር ላይ ቀስ ብሎ መቀመጥና መነሳት፣ አሥር አሥር ጊዜ፣ በቀን ሁለቴ። ሕመም ካመጣ ተዪው። ጉልበትሽ ካበጠ፣ አልታጠፍም ወይም አልዘረጋም ብሎ ከያዘሽ፣ ስትሄጂ ከከዳሽ፣ ወይም በሁለት ሦስት ሳምንት ካልተሻለው ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ይየው። ደረት የሚጫን ሕመም ወይም ዓይን የሚያጨልም ማዞር ከመጣ ደግሞ ያኔውኑ አቁሚና ወደ ሕክምና ሂጂ። የእጅ ክብደት ይዘው የሚሠሩ ቪዲዮዎችንም እለፊያቸው። ስቴፕ ላይ የያዝሽው ኪሎ ለክንድሽ የሚጨምርልሽ ጥቂት ነው፣ ለትከሻሽ የሚያመጣው ጣጣ ግን አለ።

ትንፋሽሽን የምትለኪው በወሬ ነው። አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻልሽ፣ መዝፈን ግን ካቃተሽ ልክ ነሽ። ቃል በቃል ከተቆራረጠብሽ ከስቴፑ ወርደሽ መሬት ላይ እየረገጥሽ ቀጥዪ፤ ድንገት አትቁሚ። የልብ ምት ቁጥር የሚሉትን እንደ ወንጌል አትያዢው። በተለይ የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ፣ አንዳንዱ መድኃኒት ምቱን ስለሚያዘገየው ቁጥሩ ይዋሽሻል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ታልፋለች። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለእረፍት የሚመጡ ተማሪዎቼ የመጀመሪያውን ሳምንት እንደ ዓሣ ነው አፋቸውን የሚከፍቱት። እንዳንቺ እዚሁ የኖረ ሰው ለምዶታል።

ጫማ፦ የሚታሰር ስኒከር። ካልሲ ብቻ ሴራሚክ ላይ አይሆንም፣ ነጠላ ጫማማ ጭራሽ።

ስለ ክብደት መቀነስ አልጠየቅሽኝም፤ ግን ቪዲዮዎቹ ርዕሳቸው ላይ "በ30 ደቂቃ 500 ካሎሪ" ስለሚሉ ልንገርሽ። 65 ኪሎ የሆነች ሴት 15 ወይም 20 ሴንቲ ስቴፕ ላይ 30 ደቂቃ ብትሠራ ወደ 250 ነው የሚጠጋው። 10 ሴንቲ ላይ ወደ 180። ግማሹን ቀንሰሽ እመኚያቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ሦስት ቀን ስቴፕ፣ በቀረው ቀን ከቢሮ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ መራመድ፣ ይሞላል።

ጎረቤቶችሽን መጨረሻ ላይ ያመጣኋቸው አውቄ ነው። ስቴፕ በትክክል ከተሠራ ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። ጧ ጧ የሚለው ከላይ ስትወድቂ ነው እንጂ ስትወርጂ አይደለም። ቪዲዮዋ አታይሽም አልኩሽ፤ ታች ቤት ያለችው ሴትዮ ግን ትሰማሻለች። እንዲያውም ቡና አጠጫትና ንገሪያት፦ "ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ፣ ከአሥራ አንድ ተኩል እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው የምሠራው። ድምፁ ከበዛ ደውዪልኝ።" ከስቴፑ ሥር ወፍራም የጎማ ምንጣፍ አንጥፊ። በአራተኛው ሳምንት አካባቢ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝታሽ "ያን ስፖርት ተውሽው እንዴ?" ካለችሽ፣ ያኔ ጻፊልኝ። ወደ 15 ሴንቲ እንዴት እንደምትሄጂ እነግርሻለሁ።